የኤሌክትሮን ቅንጃ

ዳባት አካባቢ በእርሻ ወቅት ማለዳ ወጣ ያለ ሰው ያየዋል። አንዱ ገበሬ ቦራውን፣ ሌላው ዳለቻውን እየነዳ ይመጣል። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱን ባንድ ቀንበር ይጠምዷቸዋል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው ይታረሳል። ይህ መቀናጆ ነው። የበሬው ጓድ ቅንጃ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ጥማድ ይባላሉ። በየቢሮው የምንሰማው፣ በ1997ቱ ምርጫም የፓርቲ ስም የሆነው «ቅንጅት» ከዚሁ ቀንበር ሥር የወጣ ቃል ነው።

በኬሚስትሪ «ኮቫለንት» ስለሚባለው የአቶሞች መያያዝ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ጥማድ ፊቴ ይቆማል። አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 አቶሞች ኤሌክትሮን በጥንድ በጥንድ እየተጋሩ እንደሚያያዙ ጻፈ። በ1919 ስሙን ያወጣለት ግን ኧርቪንግ ላንግሚዩር ነው። ሥሩ ላቲን ነው፦ «ኮ» አብሮ፣ «ቫሌሬ» መበርታት። አብሮ መበርታት! ሃይድሮጅን ባለ አንድ በሬ ነው፤ ያለው 1 ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ሁለት ሃይድሮጅኖች ሲቀናጁ ጥማድ ይሞላላቸዋል። ኦክስጅን በውጭኛው እርከኑ ካሉት 6 ኤሌክትሮኖች 2ቱ ቅንጃ የላቸውም፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሃይድሮጅን ሲመጣ ውሃ ይሆናል። እርግጥ ኤሌክትሮኖች እንደ በሬ ተራ አይገቡም፤ ጥማዱ ባንድ ጊዜ የሁለቱም አቶሞች ነው።

ለዚህ መያያዝ በአማርኛ የተለመደው ስም «ትስስር» ነው። ሥሩ ማሰር ነው፤ እስረኛም ከዚያው ይወጣል። እኔ አልረካበትም። ለማሰር ሦስተኛ ነገር፣ ገመድ ያስፈልጋል። እዚህ ግን የሚያያይዛቸው ራሳቸው ያዋጡት ነው።

«ውህድ» ግን ግሩም ቃል ነው። ግእዙ ወሐደ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው፤ አሐዱም ዋሕድም ተዋሕዶም ወንድማማች ናቸው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሯት ጎንደር የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት በነገሥታቱ ፊት ደጋግመው ተከራክረዋል። የተዋሕዶ ሊቃውንት የክርስቶስ መለኮትና ሥጋ አንድነት «ያለ ቱሳሔ» ነው ይላሉ፤ ያለ መደባለቅ። ዛሬ ልጆቻችን ውህድን ከድብልቅ ለዩ ሲባሉ የሚይዙት ቃል ይህን ያህል ርቆ የመጣ ነው። ሊቃውንቱ «ያለ ውላጤ»፣ ያለ መለወጥም ይላሉ፤ በዚህ ኬሚስትሪ ይለያል። ሃይድሮጅን ይነድዳል፣ ኦክስጅን ያነድዳል፣ ውህዳቸው ውሃ ግን እሳት ያጠፋል።

ውህድ ሁሉ በመቀናጆ አይገኝም። በጨው ውስጥ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ጭራሽ ያስረክባል፤ በሬውን ሰጥቶ እንደ መሄድ ነው። ክሎሪን ከክሎሪን ጋር ሲሆን ግን እኩል ያዋጣሉ። ያ ጋዝ ኃይለኛ ብርሃን ሲያገኘው ይለያያል፤ ሲለያይም እያንዳንዱ አቶም ያዋጣውን አንድ ኤሌክትሮን ይዞ ይሄዳል። ዳባትም ማታ ቀንበሩ ሲወርድ ቦራው ወዳንዱ ደጅ፣ ዳለቻው ወደ ሌላው ይገባል።