የሩሯ ሰፊ

የዛሬው ጽሑፌ ከሃምሳ ብር ጉድለት ይነሣል።

ልደት አምስት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ የገበያ ቀን ማምሻ ላይ፣ መሐል ሜዳ በሚገኘው ባንካችን መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የቀኑን ሂሳብ ለመዝጋት እታገል ነበር። የመንዝ ገበሬ ለበዓሉ በጉን ሸጦ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰለፍ ውሏል። የሚያስገባው ብር የበግ ጸጉርና የጢስ ሽታ አለው፤ ከቆጠርኩት በኋላ እጄ ላይ የሚቀረው እሱው ነው። ብሩ ተቆጠረ፣ ታሰረ፣ ከመዝገቡ ጋር ተመሳከረ፤ ሃምሳ ብር ጎደለ። ዐሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ በአንድ ደረሰኝ ላይ የሰፈረውን 80 እኔ 30 ብዬ መዝግቤው ተገኘ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ዓይን ሲደክም ስምንትና ሦስት ወንድማማች ይሆናሉ።

ስወጣ አብሮ አደጌ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ካብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። መምህር ነው። ጫፋቸው የቆለመመ ሁለት የወይራ ዱላዎች ጉልበቱ ላይ አጋድሟል፤ ከጋቢው ሥር ደግሞ አንዲት የቆዳ ሩር ይዟል። ወደ ከተማው ዳርቻ ወረድን። ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ በቀረበት ማሳ ላይ፣ ውርጩ ሳይወርድ የቀረችውን አንድ ሰዓት ልንጫወትባት ነው። ሁለት ሰው የሚጫወተው ገና ምን ገና ይባላል የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። ግን ከሥራ መልስ ሌላ ሰው ከየት ይገኛል?

መጀመሪያ የሰነዘርኩት ዱላ አየር ብቻ መትቶ አለፈ። ጓደኛዬ ወዲያው እንዲህ አለ፦

ሲደምር ሲቀንስ የዋለው ብዕርህ፣
ሩሯን ያያት ጊዜ ተሳሳተ ቁጥርህ።

ስለ ሃምሳ ብሩ በመንገድ ላይ ነግሬው ነበርና ጊዜ አላጠፋም። በገና ጨዋታ ስድብ በግጥም ከመጣ መቀበል ግዴታ ነው፤ አሸናፊው ተሸናፊውን በስንኝ እየወረፈ መመለሱ የጨዋታው ግማሽ አካል ሆኖ ኖሯል። እኔም እንደ አቅሜ ስንኝ ቋጣሪ ስለሆንኩ መልስ መስጠት ይጠበቅብኝ ነበር፤ ሩሯን ማሳደድ ግን ትንፋሼን ወሰደው።

የገና ጨዋታ አመጣጥ በትውፊት የታወቀ ነው። የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታ ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። ትውፊቱ ያማረ ነው፤ የታሪክ ማስረጃ አድርጎ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ረገድ እኛ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካኖች ቤዝቦል ለሚሉት የዱላና የኳስ ጨዋታቸው አባት ሲፈልጉ አንድ ኮሚሽን አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ጨዋታውን አብነር ደብልዴይ የተባለ የጦር መኮንን በ1839 ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ፈጠረው ብለው ደመደሙ። ዋናው ማስረጃ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ነበር። በዚያችው ከተማም በ1939 የቤዝቦል ሙዚየም ተከፈተ። ኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ሲመረምሩ ግን ሰውዬው በተባለው ዓመት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ተገኘ፤ ጨዋታውም በ1744 ለንደን ላይ በታተመ የልጆች መጽሐፍ ስሙ ተጠርቶ ታየ። ሙዚየሙ ግን ዛሬም እዚያው ነው። ሕዝብ የሚወደው ነገር አባት አልባ ሆኖ እንዲቀር አይፈልግም መሰል።

ቆልማማ ዱላና ኳስ ከዚያ ሁሉ ይቀድማሉ። በግብፅ፣ ቤኒ ሐሰን በተባለው ስፍራ፣ አራት ሺህ ዓመት ገደማ በሆነው የመቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆልማማ ዱላዎቻቸውን በአንዲት ክብ ነገር ላይ አጋጥመው ተሥለዋል። ብርዳማው የስኮትላንድ ደጋ ደግሞ ሺንቲ የሚባል የገና ዘመድ አለው፤ በዘመን መለወጫቸው ቀን መንደር ከመንደር ይገጥምበት ነበር። የእኛም ጨዋታ ወቅቱን የመረጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ልደት በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ በ28) ሰብሉ ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ይሆናል። በሐምሌ ያን ያህል ሰው እህል ላይ ቢሯሯጥ ጨዋታው በዳኛ ፊት ያልቅ ነበር።

በጽሑፍ ካገኘኋቸው ምስክርነቶች አንዱ የእንግሊዛዊው የማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ለዓመታት በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ተቀምጦ፣ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ በትግራይ ቃርሳ የሚባለውን የልደት ሰሞን ጨዋታ ከሀገሩ ሆኪ ጋር አንድ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። የተጫወቱት ሰዎች ራሳቸው ግን አልጻፉም። የእነሱ ነገር በቃል ነው የደረሰን፤ በቃል ከደረሰን ውስጥ ደግሞ በጣም የገነነው በዚያ ቀን ጌታው በሎሌው ዱላ ቢነካም እንደማይቆጣ የሚናገረው ብሂል ነው።

ይህን ብሂል ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ አያቴ ነበሩ። በወጣትነታቸው በገና ቀን የአንድ ባላባት ቅልጥም በዱላ አግኝተው ባላባቱ እያነከሱ ሲስቁ ማየታቸውን ሲተርኩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። ከዓመታት በፊት እኔም በዚሁ ላይ ተመሥርቼ ግጥም ጻፍኩ። ገና ሰው ሁሉ እኩል የሚሆንበት ሜዳ ነው የሚል ነበር። ለአብሮ አደጌ ሰጠሁት፤ አነበበው፤ አጥፎ መለሰልኝ፤ ምንም አላለም። ዝምታውን የግጥሙን ድክመት በትሕትና እንደመሸፈን ቆጥሬው ኖርኩ።

በዚያ ማምሻ፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ካብ ሥር በተቀመጥንበት፣ ሩሯን በእጁ እያገላበጠ፣

«ይህችን የሰፋኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «አሰፋፉን ያየሁት ከአያቴ ነው። የናንተን መንደር ሩር ሁሉ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ፤ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አያቱ ቆዳ ፋቂ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። በመንደራችን ይህ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገር ነገር ስለነበር ከዚያ አልፌ አልጠየቅሁም። እሱ የነገረኝን ባጭሩ ላስፍረው፤ ስሙን እንዳልጠራ ተስማምተን ፈቅዶልኛል። የበዓሉ ዋዜማ ላይ የቡድኑ አለቃ መጥቶ ሩሯን ይወስዳል፤ ዋጋው ጥቂት ገብስ ነው። በማግሥቱ ሽማግሌው ከካቡ ማዶ ቆመው ይመለከታሉ። ሜዳው ውስጥ የሚገቡት ሩሯ ስትተረተር ብቻ ነበር። ይጠሩና በመሐል ተንበርክከው በወስፌና በጅማት ይጠግኗታል፤ ጌታና ሎሌ ዱላቸውን ተደግፈው ዙሪያቸውን ቆመው ይጠብቃሉ። ጥገናው ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ ካቡ ይመለሳሉ፣ ጨዋታውም ይቀጥላል።

«ዋዜማ ላይ ሩሯን የሚወስደው አለቃ ማን ነበር?» አልኩት። መልሱን እያወቅሁት ጠየቅሁ። ያያቴን ስም ጠራ።

ከዚያ ወዲህ ብሂሉን ባሰብኩት ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። የማይቆጣው ጌታው ነው፤ ፈቃዱም የጌታው ነው። ቁጣው በዓመት አንድ ቀን የሚታጠፍ ከሆነ በቀሩት ቀኖች ምን ያህል ተዘርግቶ እንደሚውል ብሂሉ ራሱ ይመሰክራል። በመንዝ ይህ ፈቃድ ቀላል መስሎ የሚታይበት ምክንያትም አለ። በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር ርስት የሚቆጠረው ከአቅኚ አባት ነበር። ባላባቱና አራሹ ወደ ኋላ ሲቆጥሩ አንድ አያት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ በገና ቀን ቅልጥም መማታቱ የዘመዳሞች ነገር ነው። እደ ጥበበኛው ግን ከዚያ ቆጠራ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አልነበረም። ሎሌው ከጌታው ጋር በሜዳው ሲተካከል ሰፊው ከካቡ ማዶ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እደ ጥበበኞችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። አፄው ራሳቸው በእጅ ሥራ የሚደሰቱ ሰው ነበሩና ዐዋጁ ከልባቸው የወጣ ይመስለኛል። የአብሮ አደጌ አያት በካቡ ማዶ የቆሙት ግን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትንና ጉልትን አንድ ላይ አፍርሶ፣ በጉልበቱ አርሶ ለመኖር ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። (የጓሳን ሣር ለዘመናት ዘግቶ ሲከፍት የኖረው የቄሮ ሥርዓትም በዚያው አብሮ ፈረሰ፤ ስለሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።) ሽማግሌው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳ አገኙ። በቀጣዩ ታኅሣሥ ዱላ የሚያቀብላቸው ሰው ግን አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

«ለምን አይጫወቱም ስላቸው» አለ ጓደኛዬ፣ «‹ገና ነው ልጄ› ይሉኝ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ በዓሉ ገና አልደረሰም ማለታቸው ይመስለኝ ነበር።»

ዛሬ ገና ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ፣ የተጫዋች ቁጥርና የሜዳ ልክ ተወስኖለት፣ ከትግልና ከገበጣ ጋር በሀገር አቀፍ ውድድር ይካሄዳል። የድሮውን ያዩ ሽማግሌዎች በዚህ ቅር ሲላቸው እሰማለሁ፤ መስመር የተሰመረበት ገና ወዙን አጥቷል ይላሉ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን ለዚያ ደረቅ ደንብ አክብሮት አድሮብኛል፤ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ይጠይቃል እንጂ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ተነሥተን ቀጠልን። አንዴ በደንብ አገኘኋት። ሩሯ ካቡን መትታ ተመለሰች፤ ጓደኛዬ ሮጦ አነሣት፤ ስፌቷ በአንድ ጎን ተተርትሮ የተጠቀጠቀው የበግ ጸጉር ወጥቷል። ሁለታችንም ዝም ብለን አየናት። ከዚያ ጸጉሩን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ መለሰውና ሩሯን ለእኔ ሰጠኝ።

«ወስፌ አለኝ» አለ። «ነገ ከሥራ ስትወጣ ቤት ና። አንተ ትሰፋለህ፤ እኔ አሳይሃለሁ።»

ነገ ሂሳቡ ከገጠመ በጊዜ እንደምመጣ ነገርኩት። ባይገጥምም እንድመጣ ነገረኝ።