ልጅ ይዞ በጎንደር የት ይኬዳል?

ትንንሽ ልጆች ያሉት የጎንደር ነዋሪ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ልጆቹን የት ይውሰዳቸው? ከተማዋ የነገሥታት መናገሻ እንደመሆኗ ለእንግዳ የሚታይ አላጣችም። የውጭ አገር ጎብኚው መጽሐፉንና ካርታውን ይዞ ይመጣል። የ3 ዓመት ልጅ አንጠልጥሎ ለሚወጣው የከተማው ሰው ግን የሚመራ ጽሑፍ እምብዛም አያገኝም። እኔም ሁለት ሕፃናት የማሳድግ እንደመሆኔ፣ ከተመላለስኩባቸው ቦታዎች ለወላጆች ይጠቅማል ያልኩትን እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በከተሞቻችን «መዝናኛ» ወይም «መናፈሻ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ቦታ ነው። ወንበሩ የተደረደረው ለቢራና ለጥብስ ነው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ ቢኖር እንኳ ጥግ ላይ ነው፤ ልጅ እንዲጫወት ወላጅ አንድ ነገር ማዘዝ አለበት። ኪሱ ለፈቀደለት ይህም አማራጭ ነው። ይሁን እንጂ ለብዙኃኑ የጎንደር ቤተሰብ የልጆች መጫወቻ ሆነው የሚያገለግሉት የቅርስ ግቢዎች፣ የትልልቅ ዛፎች ጥላና የሰፈር ሜዳዎች ናቸው። ሦስቱም ለልጅ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ ሰዓታቸውንና ደንባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨዋታ ቅንጦት አይደለም

«ልጅ የትም ይጫወታል» የሚለው አባባል ድሮ ሰፊ ግቢና ባዶ መስክ በነበረበት ዘመን እውነት ነበር። ዛሬ በኪራይ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድገው ልጅ ከደጃፉ ሲወጣ የሚጠብቀው ባጃጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ ስክሪን ፊት መቀመጥ ያለበት በቀን ከ1 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ መሮጥ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚቻል አይደለም።

ነገሩ የሕግም መሠረት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና ለዕድሜው የሚስማማ ጨዋታ የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

ፋሲል ግቢ

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ12 በሮቹ የሚታወቀው ግቢ ወደ 70,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ለልጅ ግን ይህ ሁሉ ታሪክ ምኑም አይደለም። እሱ የሚያየው የሚሮጥበትን ሣርና አንበሳ ይኖርበት የነበረውን ቤት ነው።

በእኔ ልምድ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እዚህ ግቢ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይታገስም። ስለዚህ ሁሉንም ሕንፃ ለማሳየት አለመሞከር ይሻላል። የፋሲለደስን ግንብ ከውጭ አይቶ ወደ አንበሶቹ ቤት መሄድ፣ ቀጥሎም የፈረሶቹን ጋጥ አሳይቶ ሣሩ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ «ስንት ግንብ አገኘህ? ስንት በር ቆጠርክ?» ብሎ የቁጥር ጨዋታ ማድረግ ሰዓቱን ያስረዝማል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በደረጃዎቹና በፈራረሱት ግድግዳዎች ዘንድ ነው። ደረጃዎቹ የተሠሩት ለአዋቂ እግር ነው። ግድግዳ ላይ መውጣት ለልጁም ለቅርሱም አደጋ ስለሆነ ገና ከበሩ ላይ መከልከል ይገባል። የመግቢያ ዋጋ ለአገር ውስጥና ለውጭ ጎብኚ የተለያየ ነው፤ የነዋሪነት መታወቂያ መያዝ አይዘንጋ።

ከግቢው ውጭ፣ በጃን ተከል በር በኩል፣ ስመ ጥሩው የጃን ተከል ዋርካ ይገኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ስላለ የዋርካ ዛፍና በሥሩ ስለሚፈጸም ቅጣት ጽፎ ነበር። ትናንት የፍርድ አደባባይ የነበረው አካባቢ ዛሬ ሽማግሌ የሚያርፍበት ጥላ ሆኗል። መንገዱ ቅርብ ስለሆነ ግን ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ሳይዙ መልቀቅ አይመከርም።

የፋሲል መዋኛ

ከመሀል ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀሃ ወንዝ አቅራቢያ የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ወይም ጥምቀተ ባሕር፣ በእኔ ግምት ለሕፃናት ከከተማዋ ሁሉ የተሻለው ቦታ ነው። ምክንያቱ ጥላው ነው። ሥሮቻቸው የግንቡን ድንጋይ እንደ ጣት የጨበጡት ትልልቅ ዛፎች ለልጅ ከተረት የወጡ ይመስላሉ። የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ተብሎ የሚነገርለት ክብ ቤትም አለ። ለ4 ዓመት ልጅ ከነገሥታት ሁሉ ታሪክ የፈረሱ ታሪክ ይጥመዋል።

የሚመረጠው ሰዓት ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ በጥርና በሚያዝያ የሰርግ ሰሞን፣ ሙሽሮችና ፎቶ አንሺዎች ስለሚበዙ ሕፃን ይዞ መንቀሳቀስ ያስቸግራል። ገንዳው ጥልቅ በመሆኑ፣ ውሃ ኖረውም አልኖረውም፣ ልጅን ከጠርዙ ማራቅ ግድ ነው።

ስለ ጥምቀት በዓል ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በዓሉን ልጅ እንዲያይ የማይፈልግ ጎንደሬ የለም። ዳሩ ግን ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ100 በላይ ተጎድተዋል። ከዚህ በመነሳት የምሰጠው ምክር ትንንሽ ልጆችን ወደ ገንዳው አጥር ውስጥ ሳይሆን ታቦታቱ ወደሚያልፉበት ሰፊ ጎዳና፣ ያውም በከተራ ዕለት ወስዶ ማሳየት ነው። ዝማሬውንና ጭፈራውን ያያሉ፤ ግፊያውን ያመልጣሉ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የጨዋታ ሜዳ አይደለም። ሆኖም በጽድና በወይራ የተሸፈነ ጸጥ ያለ ቅጥር ለደከመው ልጅና ለእናቱ ትልቅ ዕረፍት ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ልጆች ቀና ብለው ሲቆጥሩ ጩኸታቸው ራሱ ይቆማል። በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ አዳናት የሚለውን የአበው ትውፊትም ቢነግሯቸው ደግመው ደጋግመው ያስተርኩዎታል።

ደንቡ የታወቀ ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ምግብ አይበላም፤ ኳስ አይገባም። ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ መሄድና ከመግባት በፊት ልጆቹን ሜዳ ላይ አስሩጦ ማድከም ይረዳል።

የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ኮረብታ ላይ ይገኛል። አቀበቱ በእግሩ ለሚሄድ ሕፃን ስለሚከብድ ባጃጅ መያዝ ያዋጣል። ብሩስ በፈንጣጣ የታመሙትን የመኳንንት ልጆች ያከመው በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ በሩንና መስኮቱን አስከፍቶ ንጹሕ አየር እንዲገባ ማድረጉን ጽፏል። ልጅን አየር ማስነፈስ በጎንደር የትናንት ወሬ አይደለም ማለት ነው።

ከከተማ ወጣ ሲሉ

በደባርቅ መንገድ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮሶዬ ለግማሽ ቀን ሽርሽር ትመቻለች። ገደሉ ላይ ሆኖ ቆላውን ማየት ለአዋቂ ደስታ ቢሆንም ልጅ የያዘ ሰው ከጠርዙ ብዙ መራቅ አለበት።

ከዚያ አልፎ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆይቶ ወጥቷል። ልጆች እዚያ የሚወዱት ዋልያን አይደለም፤ ዋልያ ሩቅና ድብቅ ነው። የሚወዱት ሣር እየነጨ በመንጋ የሚውለውን ጭላዳ ነው። ጭላዳን ማብላትም ሆነ ግልገሉ አጠገብ መድረስ አይገባም።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የፓርኩ መንገድ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ሕፃን ራሴን አመመኝ አይልም። ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ፣ ምግብ እምቢ ካለና ካስመለሰው ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው መድኃኒቱ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገዶች የተዘጉበት ጊዜ ስለነበረ፣ ከከተማ ከመውጣት በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከአሽከርካሪዎችና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ የግድ ነው።

ከቤት ሲወጡ

የሕፃን ጋሪ በኮብልስቶንና በአቀበት ላይ አይረዳም፤ አንቀልባ ይበልጣል። የሚከተሉትንም መያዝ ይጠቅማል፦

- የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፤
- ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ (የደጋ ፀሐይ ብርድ ቢኖርም ያቃጥላል) እና ለማታው ሹራብ፤
- ሶፍት፣ ሳሙናና ለትንንሾቹ ፖፖ፤ ንጹሕ ሽንት ቤት በየቦታው አይገኝምና፤
- ለመቀመጫም ለመሸፈኛም የሚሆን ጋቢ፤
- ኳስ፣ ወይም ለሰኞ ማክሰኞ መስመር መሥሪያ ጠመኔ።

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የሚስተካከለው የለም። መስኩ አረንጓዴ፣ አቧራው የተኛ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር በጠዋት ወጥቶ እስከ ምሳ መመለስ ነው።

ከዓይን አይራቁ

በ2016 ዓ.ም. መገባደጃ በጎንደር የታገተች ሕፃን መገደሏ ነዋሪውን ለተቃውሞ አደባባይ ማውጣቱ አይዘነጋም። ከዚያ ወዲህ ልጁን ከበር ለማስወጣት የሚሳቀቅ ወላጅ በዝቷል፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን በር መዝጋት ልጁን ከአንድ አደጋ ቢያድነው ከልጅነቱ ይነጥቀዋል። መካከለኛው መንገድ አብሮ መውጣት ነው። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተጠራርተው ቢወጡ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጠብቃል። ልጅ ሙሉ ስሙን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ ስልክ ቁጥርም በቃሉ ይያዝ። በየደረሱበት «ብንጠፋፋ እዚች ዛፍ ሥር ቁም» ብሎ ምልክት ማሳየትም አይከፋም።

ከከተማዋ የሚጠበቀው

የአገራችን የከተማ ፕላን መርሕ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ አንድነትና ወዳጅነት ያሉ ታላላቅ ፓርኮች ከፍታለች። ትልቅ ፓርክ መልካም ነው፤ ሆኖም የ3 ዓመት ልጅ በየቀኑ ታክሲ ተሳፍሮ ፓርክ አይሄድም። የሚያስፈልገው ከቤቱ በአምስት ደቂቃ የሚደርስበት ነው።

የአምስተርዳም ከተማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያደረገችው ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። አልዶ ቫን አይክ የተባለው አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ በየሰፈሩ ባዶ በቀሩ ቁራጭ መሬቶች ላይ ከ700 በላይ የልጆች መጫወቻ ነድፏል። ዕቃው የአሸዋ ገንዳ፣ የብረት መንጠላጠያና መረማመጃ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ጠራቢና ብረት በያጅ ለሞላባት ጎንደር ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

በየቀበሌው ሜዳ ተብሎ የቀረ ቁራጭ መሬት አለ። ነገ አጥር ታጥሮበት ሱቅ ወይም መጋዘን ሲሠራበት ዝም የምንል ከሆነ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሌላ ቦታ አያገኙም። ስለዚህ በሰፈር ስብሰባ፣ በዕድርም ሆነ በቀበሌ፣ «ይህ ሜዳ ለልጆች ይከለል» የሚል ጥያቄ ማንሳት የወላጅ ድርሻ ነው። እስከዚያው ግን ዋርካው ጥላውን አልነፈገንም፤ የፋሲል ግቢም በሩ ክፍት ነው።