የጋራ ዋስትና ተስፋና የ1928 ዓ.ም. መከላከያችን

በታሪክ ትምህርት የኢጣልያ ወረራ ሲነሣ የሽንፈታችን ምክንያት ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ይጠቃለላል፤ ይኸውም በጠላት የመሣሪያ ብልጫና በመንግሥታት ማኅበር ክሕደት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ክሕደት የሚደርሰው አስቀድሞ ባመነ ሰው ላይ ነውና፣ መንግሥታችን ያን እምነት ከምን እንዳገኘውና በመከላከያው ላይ ምን እንዳስከተለበት ሳይመረመር ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ይኸንኑ ለመመልከት ተሞክሯል። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ስትሆን፣ የቃል ኪዳኑ 16ኛ አንቀጽ ውሉን አፍርሶ በአንዱ አባል ላይ ጦርነት የከፈተ መንግሥት በሁሉም ላይ እንደ ከፈተ ይቈጠራል ይል ነበር። ከዚህ የተነሣው ግምት ተበዳይነታችን በማስረጃ ከተረጋገጠ ማኅበሩ ይደርስልናል የሚል ነው። ግምቱ በዲፕሎማሲ ተወስኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ወደ ጦር ሜዳም ወረደ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ከደረሰው የወልወል ግጭት በኋላ ኢጣልያ በኤርትራና በሶማልያ ጦር ስታከማች፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጠብ አጫሪው ማን እንደ ሆነ ለዓለም ይታይ ዘንድ ሠራዊቱ ከወሰን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያፈገፍግ አዘዙ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ዴ ቦኖ ጦር መረብን ሲሻገር በስፍራው የጠበቀው ተከላካይ አልነበረም ማለት ይቻላል። የክተቱ ነጋሪት አዲስ አበባ ላይ የተጐሰመው በዚያው ዕለት ነው። ሦስት ቀን ቈይቶ ዐድዋ ተያዘች።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በመስከረም 1924 ዓ.ም. ጃፓን ማንቹርያን ስትወር ማኅበሩ መርማሪ ልኮ ዘገባ ከመቀበል አላለፈም፤ ጃፓንም ማኅበሩን ጥላ ወጣች። (የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዓመት ጃፓንን ጐብኝተው መጽሐፍም ጽፈውላታል። ከዚያ ጉብኝት በአገራችን ጐልቶ የቀረው ግን የጃፓን ሥልጣኔ እንጂ የማንቹርያ ዕጣ አይመስልም።)

ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የእንግሊዝ አቋም ነው። በሰር ጆን ማፊ የተመራ የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴ በሰኔ 1927 ዓ.ም. ባቀረበው ምስጢራዊ ዘገባ፣ ከጣናና ከዓባይ ውሃ ከመሳሰለው ጉዳይ በቀር እንግሊዝ በኢትዮጵያ ውስጥ ኢጣልያን እንድትከላከል የሚያስገድዳት ዋና ጥቅም የላትም ሲል ደመደመ። የኢጣልያ ሰላዮች የዚህን ዘገባ ግልባጭ ሮማ ከሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰረቁት፤ በየካቲት 1928 ዓ.ም. በጋዜጣቸው እስከ ማተም ደርሰዋል። እኛ የነበረን የአደባባይ ንግግር ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ጄኔቭ ላይ አገራቸው ለቃል ኪዳኑ በጽናት እንደምትቆም ተናገሩ፤ ንግግሩም ታላቅ ተስፋ አሳደረ። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የጦር ኀይል እንዳይታሰብ፣ የሱዌዝ ቦይም እንዳይዘጋ በግል ተስማምተው ነበር።

ኀምሳ መንግሥታት ኢጣልያን ጥፋተኛ ካሉ በኋላ ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለኢጣልያ እንዳይሸጡ ከተከለከሉት መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኙባቸዋል። ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰልና ብረት አልተከለከሉም። የጠላት አውሮፕላንና ካሚዮን በምን ይንቀሳቀስ እንደ ነበረ ተማሪ ሳይቀር ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነው።

ሌላ ምን አማራጭ ነበረ የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያው ክረምት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲያግዱ፣ ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካ ስላላት የተጐዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ስለዚህ ወደ ጄኔቭ መሄዱ ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም። ስሕተቱ ጄኔቭ ባይረዳስ ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ ሁለተኛ ዕቅድ አለመኖሩ ነው። የሽምቅ ውጊያው እንኳ በሰፊው የተነሣው ጦሩ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ተሸንፎ ከተበተነ በኋላ ነው። መምህራን 16ኛውን አንቀጽና የተከለከሉትን ዕቃዎች ዝርዝር ጐን ለጐን አድርገው ለተማሪዎቻቸው ቢያቀርቡ፣ «ዓለም ከዳን» ከሚለው ዐረፍተ ነገር የጠለቀ ውይይት ይገኛል።

የእንግሊዝም ግምት ከእኛው የተሻለ አልነበረም። በኢትዮጵያ ጉዳይ ኢጣልያን ባለማስቀየም ከጀርመን ትለያለች ተብሎ ነበር፤ ኢጣልያ ግን በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከጀርመን ጋር ወገነች፤ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀች። በነሐሴ ወር ከኢትዮጵያ ምድር የተነሣው የኢጣልያ ጦር በርበራን ይዞ የእንግሊዝን ጦር ከሶማሌላንድ በመርከብ አስወጣው።