ካርድ፣ ሰልፍ እና ቅናሽ፦ የአስቤዛችን ታሪክ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንድ የከተማችን ሱቅ ለአባሎቻችን የቅናሽ ካርድ ሊሰጥ ፈቃደኛ መሆኑ ተነገረን። ካርዱን ያሳየች አባል በዘይት፣ በሳሙናና በፓስታ ላይ ጥቂት ብር ይቀነስላታል። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ግን እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። አንዷ እናት «ካርድ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በካርድ ልጅ አሳድገናል። ምን እንዳስከፈለን ግን ጠይቁን» አሉ።

በዚያው ዕለት ሌላም ሐሳብ ነበር። ከቁጠባችን ከፊሉን አውጥተን በጥር ወር ጤፍ በጋራ እንግዛ የሚል ነው። ገንዘቡ ለታመመችና ለተቸገረች አባል የተቀመጠ ስለሆነ ብዙዎቻችን ፈራን። ውሳኔ ሳይሰጥ ተበተንን። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለቱም ይነሣሉ። እስከዚያው የእናቶችን ቃል ተቀብለን ጠየቅን፤ የሰማነውንና የምናውቀውን አገናኝተን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ታወጀ። በዚሁ አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዛሬም ቀበሌ የምንላቸው፣ ተቋቋሙ። ቀበሌዎቹ ደግሞ የኅብረት ሱቅ ከፈቱ። ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው ከተማችን፣ በሞጆም፣ በመቂም፣ በሻሸመኔም ቤተሰብ በቤት ቁጥሩ ይመዘገብና ካርድ ይወስድ ነበር። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሲገኝም ጤፍና ስንዴ በቤተሰብ ብዛት እየተሰላ ይታደላል፤ የወሰደ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ካርዱ ገንዘብ አልነበረም፤ ዕቃው በገንዘብ ነው የሚገዛው። ካርዱ የሚሰጠው ነጋዴው ከሚጠይቀው ባነሰ፣ መንግሥት በተመነው ዋጋ የመግዛት መብት ነው።

እናቶቻችን ከሁሉም በፊት የሚያስታውሱት ሰልፉን ነው። «ስኳር መጣ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ እንጀራው ምጣድ ላይ ይቀራል። ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ድንጋይ ወይም ዘንቢል በየተራቸው ያስቀምጡና ሌላ ሥራ ሠርተው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ድንጋዩ ተነሥቶ ከሆነ ጠብ ነው። አንዷ እናት ሁለተኛ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ትልቁን በቀሚሳቸው አስይዘው እስከ ቀትር እንደሚቆሙ ነገሩን። ተራቸው ሲደርስ ስኳሩ ያለቀበት ቀንም ጥቂት አልነበረም።

በእኛ ከተማ ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር። ወንጂ ቅርባችን ነው። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የኛ ሰው አገዳ ሲቆርጥና ሲፈጭ ኖሯል፤ ሸንኮራ የጫነ መኪና ሲያልፍ ልጆቻችን ሮጠው ይመዙ ነበር። ፋብሪካው ደጃፋችን ሆኖ ስኳር ግን በካርድ ነበር የምንገዛው። ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃ የሚመረትበት ቦታ መኖር ብቻውን ዕቃውን ርካሽ እንደማያደርገው ነው። ዋጋውን የሚወስነው ዕቃው በማን እጅና በምን መንገድ እኛ ዘንድ እንደሚደርስ ነው።

ታዲያ የዚያን ጊዜውን ርካሽ ዋጋ ማን ከፈለው? አንደኛው ከፋይ ገበሬው ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን በተተመነ ዋጋ እንዲያስረክብ ያደርግ ነበር። ገበሬው በገበያ የሚያገኘውን ትርፍ አጥቶ ነው ከተሜው በቅናሽ የበላው። እህል እንደ ልብ እንዳይዘዋወርም ኬላ ነበር። አዋሽን እንደተሻገርን አርሲ ነው፤ እህሉ እዚያ እያለ ጥቂት ኪሎ ለዘመድ ይዞ መምጣት እንኳ በፍተሻ ማለፍን ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛዋ ከፋይ ቤተሰቧን ይዛ የተሰለፈችው ሴት ናት። እሷ ያወጣችውን ሰዓት ማንም አልጻፈላትም። ሦስተኛው ደግሞ የቤት ቁጥር የሌለው ደባልና አዲስ መጪ ነው፤ ስላልተመዘገበ ከነጋዴው በውድ ይገዛል።

እውነቱን ለመናገር ግን እናቶች ካርዱን ብቻውን አይወቅሱትም። ድሃውም ደህናውም በአንድ ሚዛን መካፈሉ ትልቅ ነገር ነበር ይላሉ። እንግሊዞችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንዲሁ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1940 ስኳርን፣ ቅቤንና ሥጋን በራሽን ደብተር ማደል ጀመሩ፤ ጦርነቱ አብቅቶም ስኳር ከራሽን የወጣው በ1953 ነው። ምግብ ሲያንስ ያለውን በእኩል ማዳረስ የራሽን ካርድ ዓላማ ነው።

የነጋዴ ኩፖን ግን ሌላ ዓላማ አለው። አሜሪካ ውስጥ ኮካ ኮላ ገና አዲስ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ለሕዝብ ይታደል ነበር። የቀመሰ ሰው ተመልሶ ይገዛል ተብሎ ነው፤ ተመልሶም ገዛ። የራሽን ካርድ ከልኩ በላይ እንዳንገዛ ይከለክላል። የነጋዴ ካርድ ደግሞ ያላሰብነውን እንድንገዛ ይጋብዛል። ስማቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ማወቅ አለብን።

ሦስተኛም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1844 ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሙያተኞች፣ ጥቂት በጥቂት አዋጥተው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ይሸጡ ነበር። ሚዛኑ ትክክል፣ ዱቄቱ ያልተበረዘ እንዲሆን ወሰኑ። በዓመት የተገኘውን ትርፍ አባላቱ በገዙት መጠን ተካፈሉት። እዚያ ቅናሹን የሚሰጠው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ገዢዎቹ የገዛ ገንዘባቸው ነው የተመለሰላቸው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በበዓል በሬ በቅርጫ የምንገዛው፣ እቁብና እድር የምንገባው በዚሁ ሐሳብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ የገበሬው ኮታና የእህል ኬላ ተነሣ። ገበያው ተከፈተ፤ ሰልፉም ቀነሰ። ዋጋው ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ወቅቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ብዙዎቻችን ደስ አለን። ጥቂት ቆይቶ ግን ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ የአብዛኞቹ ዕቃዎች ጣሪያም በወራት ውስጥ ተነሣ። ስኳርና የፓልም ዘይት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል መታደል ቀጠለ፤ እኛም ጄሪካን ይዘን ተሰለፍን። እናቶች ያን ጊዜ «ካርዱ ተመለሰ» ብለው ነበር። በቅርብ ዓመታት የመጣው የእሁድ ገበያ ከዚህ ይለያል። አምራቹና ሸማቹ በመካከል ያለውን ደላላ ቀንሰው እንዲገናኙ ታስቦ የተከፈተ ነው። ያም ሆኖ እዚያ ስንሄድ ዋጋውን ከሰፈር ጉሊት ጋር ማመዛዘን የራሳችን ሥራ ነው።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ አይተን ለአባላት በጋራ ዘይት ገዛን። ዋጋው ደስ አሰኝቶን የመጠቀሚያ ጊዜውን አላየንም። ቤት ካከፋፈልን በኋላ ሲታይ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ጥቂት ሰው ያላት አባል ተጠቅማ ሳትጨርስ ጣለችው። ደረሰኝም አልተቀበልንም ነበር፤ ስለዚህ ሄደን የምንጠይቅበት ወረቀት አልነበረንም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። እኛ ግን መብታችንን ሳንጠይቅ ነው የወጣነው።

ስለ ጤፉ ደግሞ እንዲህ አሰብን። የአድአ፣ የሉሜና የምንጃር ጤፍ የሚሰበሰበው ከኅዳር ጀምሮ ነው። አውድማ ሲሞላ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ክረምት ሲገባ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ጤፍ እንደ በቆሎና ስንዴ ነቀዝ አያጠቃውም፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን እንዲህ አይደሉም። በመቂና በባቱ መስኖ ምርት ሲገፋ ይረክሳሉ፤ ብዙ ገዝተን ብናስቀምጥ ግን ይበሰብሳሉ። ስለዚህ በጋራ የሚገዛው የሚቆየው ነው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ኩንታል በጥር 12,000 ብር ነው እንበል። ለማጓጓዣ፣ ለሸክምና ለጆንያ 300 ብር ይጨመር። ሃያ አባላት ግማሽ ግማሽ ኩንታል ቢወስዱ አሥር ኩንታል ነው፤ የሚወጣው 123,000 ብር ይሆናል። በነሐሴ ኩንታሉ 13,500 ብር ቢገባ እያንዳንዷ 600 ብር ተርፏታል። ዋጋው 12,100 ብር ላይ ቢቆም ግን እያንዳንዷ 100 ብር ከስራለች። ይህንን አውቀን ነው መግባት ያለብን። ትርፍ ብቻ የሚነግረን ሰው ካለ ሒሳቡን አልጨረሰም።

ከታሪኩ ያገኘነውን በአጭሩ ስንናገር፣ ቅናሽ ሁሉ ከፋይ አለው። አንዳንዴ ገበሬው፣ አንዳንዴ የሴቷ ሰዓት፣ አንዳንዴም ያልታሰበ ዕቃ ገዝታ የተመለሰችው ራሷ ሸማቿ ትከፍላለች። በጋራ መግዛት ግን ከፋዩ ማን እንደሆነ በመዝገብ ላይ እንድናይ ያደርገናል።

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ይህ ነው። የሱቁን ካርድ የምትፈልግ አባል ትውሰድ፤ ነገር ግን አስቤዛዋን ቤቷ ጽፋ ትሂድ፣ ከጻፈችው ውጪ ካርዱ እንዳይገዛላት። ለጤፉ ከቁጠባው ከሩብ በላይ አይነካ፤ ለሕመምና ለሐዘን የተቀመጠው እንዳለ ይቆይ። ገዢዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ ጤፉን ከፍተው፣ ጨብጠው፣ አስመዝነው ይግዙ። ደረሰኙ መዝገባችን ላይ ይለጠፍ። እደላው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ፣ ሰዓት ተነግሮ ይሁን። ልጅ የታቀፈች፣ የታመመችና አቅመ ደካማ እናት በቅድሚያ ይስተናገዱ፤ ካልቻሉም ጎረቤት አባል ታድርስላቸው።

ይህን የመጨረሻውን የጨመሩት እነዚያው የሳቁት እናት ናቸው። «ሁሉንም አድርጉ፤ ብቻ ድንጋይ አታሰልፉን» ነው ያሉት። በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ጽፈነዋል።