የቤት ውስጥ ሥዕልና ድምፅ ማጫወቻ አመራረጥ፤ የአምሳ ዓመት ታሪክና ትምህርቱ

በዚህ ሙያ የተሰማራን ሰዎች ከዘመድም ሆነ ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ሆነ ከዕድር አዘውትረን የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ ሥዕልና ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ ማጫወቻ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሻጩ ዋጋውን ይናገራል፤ የካርቶኑ ጽሑፍ የሥዕሉን ጥራት ያውጃል፤ ገዢውም ሁለቱን አመዛዝኖ ይወስናል። ይሁን እንጂ ቪዲዮ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ያለፈውን የአምሳ ዓመት ታሪክ ስንመረምር፣ የአንድን ማጫወቻ እውነተኛ ዋጋ የወሰነው የሥዕሉ ድምቀት ወይም የመግዣው ሒሳብ ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው ምን ዓይነት ቅጂዎችን ማንበብ ይችላል የሚለው ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በማስረጃ ማሳየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የካሴት ዘመን

የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ቤታማክስ የተባለውን የቤት ውስጥ ቪዲዮ መቅጃ በ1975 ለገበያ አቀረበ። በ1976 ደግሞ ጄቪሲ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስ የተሰኘውን አወጣ። የቤታማክስ ሥዕል በጥቂቱ ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይይዝ ነበር። አንድ ሙሉ ፊልም በአንድ ሰዓት እንደማያልቅ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ ጄቪሲ ሌሎች ፋብሪካዎች በሥርዓቱ እንዲሠሩበት በሰፊው ስለፈቀደ፣ መሣሪያው በልዩ ልዩ ስም እየተሠራ ዋጋው ዝቅ አለ፤ ለኪራይ የሚቀርበውም ካሴት በዛ። ሶኒ ራሱ በ1988 የቪኤችኤስ መሣሪያ መሥራት ሲጀምር ክርክሩ አበቃ። ቤታማክስ የገዛው ሰው መሣሪያው አልተበላሸበትም፤ በመሣሪያው የሚያጫውተው ግን ከገበያ ጠፋበት።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር ተጨመረ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 ሲሆን፣ የቀለም ሥርጭት በ1984 ሲገባ የተሠራበት ፓል የተባለው ሥርዓት ነው። ፓል በሰከንድ 25 ሥዕሎችን፣ እያንዳንዱንም በ625 መስመሮች ያሳያል። በሰሜን አሜሪካ የነበረው ኤንቲኤስሲ ግን በሰከንድ 30 ያህል ሥዕሎችን በ525 መስመሮች ያሳይ ነበር። ስለዚህ ከዋሽንግተን የተላከ የሠርግ ካሴት፣ በመጠንም ሆነ በቅርጽ ከአዲስ አበባው ካሴት ጋር አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለፓል ብቻ በተሠራ መሣሪያ በትክክል አይታይም ነበር። መፍትሔው ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ መሣሪያ መግዛት ነበር። የዚህ መሣሪያ ዋጋ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ልጆቹ በባሕር ማዶ ለሚኖሩበት ቤተሰብ ከጥቅሙ አንጻር ርካሹ ምርጫ እርሱ ነበር ለማለት ይቻላል።

የዲስክ ዘመን

ሲዲ በ1982 ከወጣ በኋላ፣ ሥዕልን በዚያው መጠን ባለው ዲስክ ላይ ለማስፈር የተደረገው ጥረት በ1993 ቪሲዲን አስገኘ። በፓል አገሮች የቪሲዲ ሥዕል 352 በ288 ነጥቦች ብቻ ነበረው፤ አንድ ፊልምም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዲስክ ይፈጅ ነበር። ጥራቱ ከካሴቱ የማይሻል ቢሆንም፣ ዲስኩ በርካሽ ስለሚባዛና ማጫወቻው ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ በእስያ አገሮች እጅግ ተስፋፋ። በእኛም አገር ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት የአማርኛ ፊልሞችና የዘፈን ክሊፖች በሰፊው የተሸጡት በዚሁ ዲስክ ነው።

በ1996 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት የሚይዝና በሥዕሉ ጥራት ከቪሲዲ እጅግ የላቀ ነበር። ይሁንና የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቀጠና ከፋፍለው፣ የአንዱ ቀጠና ዲስክ በሌላው ቀጠና ማጫወቻ እንዳይከፈት አደረጉ። ሰሜን አሜሪካ በቀጠና 1፣ ምዕራብ ኤውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በቀጠና 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በቀጠና 5 ተመደቡ። በዚህም ምክንያት ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዲስክ፣ ስመ ጥር በሆነና ውድ ዋጋ በተከፈለበት ማጫወቻ ላይ አልከፈት ሲል፣ የቀጠና ገደብ በሌለበት ርካሽ ማጫወቻ ላይ ያለ ችግር ይታይ ነበር። ከእነዚህ ርካሽ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ቪሲዲንም፣ ኤምፒስሪንም ያነቡ ነበር። ስለሆነም የገዢው ሕዝብ ምርጫ ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን፣ በእጁ ያለውን ንብረት ከማየት የመነጨ ነበር።

የሁለቱ ዲስኮች ትግል

ከፍተኛ ጥራት ያለው ሥዕል ማለትም ኤችዲ ሙሉ በሙሉ ሲሰላ 1,920 በ1,080፣ በድምሩ 2,073,600 ነጥቦች አሉት። የፓል ዲቪዲ 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥቦች ስላሉት፣ ዕድገቱ አምስት እጥፍ ነው። ይህን ሥዕል በዲስክ ለማቅረብ በ2006 ሁለት ተፎካካሪዎች ወጡ። የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 15 ጊጋ ባይት ሲይዝ፣ በሶኒና በባልደረቦቹ የቀረበው ብሉሬይ 25 ጊጋ ባይት ይይዝ ነበር። በአሜሪካ ገበያ የቶሺባ የመጀመሪያው ማጫወቻ 499 ዶላር ሲሸጥ፣ ሳምሰንግ ያወጣው የመጀመሪያው የብሉሬይ ማጫወቻ 1,000 ዶላር ያህል ተጠየቀበት። በ2007 መጨረሻ ደግሞ አንድ የቶሺባ ሞዴል ከ100 ዶላር ባነሰ ዋጋ እስከ መሸጥ ደረሰ።

ዋጋን ብቻ ለሚመለከት ሰው ምርጫው ግልጽ ይመስል ነበር። ነገር ግን ዋርነር የተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ በጥር 2008 ለብሉሬይ ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ ቶሺባም በየካቲት ወር ከውድድሩ መውጣቱን ገለጸ። በርካሽ የተገዛው መሣሪያ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ዲስክ የማይወጣለት ሆነ። ዲቪዲ ማጫወት መቻሉ እንደ ጥቅም ካልተቆጠረለት በስተቀር፣ በዚያ ገበያ እጅግ ርካሹ ዕቃ እጅግ ውዱ ሆኖ ተገኘ።

የፋይል ዘመን

ከዲስኩ ትግል ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ይጠረግ ነበር። በ2003 የጸደቀው ኤች 264 የተባለው የሥዕል ማመቂያ ዘዴ፣ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ፊልም በአነስተኛ ቦታ ለማስቀመጥ አስቻለ። በ2008 ዌስተርን ዲጂታል ያወጣው አነስተኛ ሣጥን፣ ከሃርድ ዲስክ ላይ ፊልም እያነበበ በኤችዲኤምአይ ገመድ ለቴሌቪዥን ያቀርብ ጀመር። በ2012 ደግሞ ራስበሪ ፓይ የተባለው የእጅ መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር በ35 ዶላር ወጣ። ይህ ትንሽ መሣሪያ የኤች 264ን ሙሉ ኤችዲ ሥዕል ያለ ችግር ያሳያል፤ ዕድሜው የገፋውን የዲቪዲ ማመቂያ ዘዴ በቺፑ ለመፍታት ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ከሦስት የእንግሊዝ ፓውንድ ያነሰ የፈቃድ ክፍያ ለብቻው ይጠየቅበት ነበር። ለዚህ ምክንያቱ የቺፑ ድካም ሳይሆን የባለመብቶች ፈቃድ ነው።

በ2013 ኤች 265 ሲጸድቅም ያው ታሪክ ተደገመ። አዲሱ ዘዴ ተቀራራቢ ጥራትን በግማሽ ያህል መጠን ያስቀምጣል፤ በቺፑ ላይ መፍቻው የሌለው ሣጥን ግን ድምፁን እያሰማ ሥዕሉን ያቆማል ወይም ያንቀራፍፋል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 1,080 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ወደ ቴሌቪዥኑ ስለሚወጣው ሥዕል ነው እንጂ፣ ወደ ውስጥ የገባው ፋይል ይፈታ እንደሆነ አያረጋግጥም።

ስለ ድምፅም እንዲሁ ነው። በብርሃን የሚሠራው የድምፅ ገመድ ባለ ሁለት መስመር ድምፅንና የተለመዱትን የዶልቢና የዲቲኤስ ድምፆች ያስተላልፋል፤ በብሉሬይ ላይ ያሉትን ምንም ሳይቀነስላቸው የታመቁ ድምፆች፣ ማለትም ዶልቢ ትሩኤችዲንና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተርን ግን ለመሸከም አይችልም። እነዚህ እንደታመቁ ወደ ድምፅ ማጉያ እንዲተላለፉ መንገዱ የተከፈተው በ2006 በወጣው የኤችዲኤምአይ 1.3 ደንብ ነው። ስለዚህ ማጫወቻው፣ ገመዱና ማጉያው ሦስቱም ካልተስማሙ፣ ለማጫወቻው የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከንቱ ይሆናል። በቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ ይህ ወጪ ፈጽሞ አያስፈልገውም።

በኢንተርኔት የሚሠሩት ርካሽ ማጫወቻዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጉግል በ2013 በ35 ዶላር ያወጣው ክሮምካስት ብዙ አድናቆት አግኝቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ሞዴል የፕሮግራም እድሳት ግን በ2023 ተቋረጠ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ወይም ክፍያው በሚከብድበት ቤት፣ ዩኤስቢ የሌለው ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ ምክር ለሚጠይቀን ሰው ልናቀርብለት የሚገባንን ጥያቄ ቅደም ተከተል ያስተምረናል። አንደኛ፣ በቤቱ ያለው ቅጂ ምንድን ነው? ካሴት ነው፣ ዲስክ ነው ወይስ ፋይል? ሁለተኛ፣ ፋይል ከሆነ በምን ዘዴ የታመቀ ነው፣ መሣሪያውስ ያንን ዘዴ በቺፑ ይፈታል? ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥኑና የድምፅ ማጉያው ምን ዓይነት መግቢያ አላቸው? አራተኛ፣ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔትና ያለ አምራቹ ኩባንያ እርዳታ ይሠራል? ዋጋ የሚጠየቀው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ደግሞ ገዢው የራሱን ፋይል በፍላሽ፣ የራሱንም ዲስክ በእጁ ይዞ ሱቅ ድረስ በመሄድ፣ ገንዘቡን ሳይከፍል ማስሞከሩ ነው።

ነገሩ ቀላል የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም። የቪኤችኤስ መሣሪያ በመሥራት እስከ መጨረሻው የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ፋብሪካ በ2016 ሥራውን አቁሟል፤ አሸናፊው ካሴት ራሱ ዘመኑ አልፏል ማለት ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ግን የወላጆች ሠርግ፣ የልጆች ክርስትና፣ በሞት የተለዩ ሰዎች መልክና ድምፅ አሁንም በካሴት ተቀምጠው ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ ያለው ማግኔት እያረጀ፣ የሚያነባቸውም መሣሪያ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ወደ ፋይል ካልተገለበጡ ነገ የትኛውም ማጫወቻ አያድናቸውም። ገንዘብ ያለው ሰው ሲሳሳት ሌላ ይገዛል፤ በዐሥር ዓመት አንዴ የሚገዛው ግን የተሳሳተ ምክር ዐሥር ዓመት አብሮት ይኖራል። የሙያው ባለቤቶች ኃላፊነት ይህን ሰው ከመግዛቱ በፊት ማስረዳት ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ሁሉ።