መሪ ወረደ፣ ተቋሙ ግን ጸና

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ስንዴ የሚያመርተው ገበሬው ሲሆን፣ የእህሉን ደረጃና ዋጋ የሚወስኑት ግን በአጎራባች ግዛት የነበሩ የሚኒያፖሊስ ነጋዴዎች ነበሩ። ይህን ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ1915 በአርተር ታውንሊ አስተባባሪነት ከፓርቲ ነፃ የሆነ የገበሬዎች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ አዲስ ፓርቲ አላቋቋመም፤ በግዛቱ አውራ በነበረው የሪፐብሊካን ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ የራሱን ሰዎች አቀረበ። በ1916 ገበሬው ሊን ፍሬዚየር አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በ1919 የግዛቱ ባንክ፣ እንዲሁም የዱቄት ፋብሪካና የእህል ጎተራ ድርጅት በሕግ ተቋቋሙ።

ብዙም ሳይቆይ መከፋፈል መጣ። በማኅበሩ ድጋፍ የተመረጠው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊሊያም ላንገር በታውንሊ ላይ ተነሣ፤ በ1920ም ፍሬዚየርን ተወዳድሮ ተሸነፈ። የስንዴ ዋጋ ሲወድቅና ባንኩ ሲቸገር ተቃውሞው በረታ። በጥቅምት 1921 መራጩ ሕዝብ ፍሬዚየርን ከሥልጣን አወረደ፤ በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተሻረ የመጀመሪያው አገረ ገዥ ሆነ።

ሆኖም በዚያው ቀን ባንኩን ለማፍረስ የቀረበውን ሐሳብ ሕዝቡ ውድቅ አደረገ። ፋብሪካው በ1922 ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። አባላት በመሪዎች ቢቀየሙም የጋራ ሀብታቸውን አላፈረሱም፤ ትምህርቱም ይኸው ነው።