ድንበር ላይ የሚያስቆመን ታሪፉ ነው

መንገደኛ አገር ሲሻገር የስልኩ ኢንተርኔት የሚወደደው ወይም ጭራሹን የሚጠፋው ለምንድን ነው? ብዙዎች ጥፋቱን በቴክኖሎጂው ያላክካሉ፤ የሞባይል ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። ጂ.ኤስ.ኤም የተባለው የሞባይል ሥርዓት ገና ከጥንስሱ የታሰበው አንድ ስልክ በብዙ አገር እንዲሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የ13 የአውሮፓ አገሮች ተወካዮች ኮፐንሃገን ላይ የተፈራረሙት ይህንኑ የጋራ ሥርዓት ለመዘርጋት ነው፤ በ1992 ደግሞ አንድ የፊንላንድና አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ የመጀመሪያውን የሮሚንግ ውል ተዋዋሉ። አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው፦ እንግዳው ስልክ ሲበራ አስተናጋጁ ኔትወርክ ወደ ደንበኛው ኩባንያ ልኮ ማንነቱን ያረጋግጣል፣ ያገናኘዋል፤ ሒሳቡን ሁለቱ ኩባንያዎች ኋላ ይተሳሰባሉ። ውዱ ዋጋ የሚወለደው እዚህ መተሳሰቢያ ላይ ነው። ደንበኛው አስተናጋጁን አወዳድሮ አልመረጠምና አስተናጋጁን ዋጋ እንዲቀንስ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ይህ የዋጋ ግንብ በሁለት መንገድ ሲፈርስ ታይቷል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ነው። በሞ ኢብራሂም የተመሠረተው ሴልቴል በ2006 የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ደንበኞቹን በአንድ ኔትወርክ አዋሐደ፤ ከናይሮቢ ካምፓላ የሄደ ነጋዴ በአገሬው ታሪፍ ይደውል፣ የሚደወልለትንም በነፃ ይቀበል ጀመር። በሦስቱም አገር ባለቤቱ አንድ ስለነበር የሚተሳሰቡት ባዕድ ኩባንያዎች አልነበሩም። ሁለተኛው መንገድ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ዋጋ መገደቡን በድምፅ ጥሪ ጀምሮ ወደ ዳታ ተሻገረ። ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁት የዳታ ዋጋ ጣሪያ በ2009 ለአንድ ሜጋባይት 1 ዩሮ፣ ማለትም ለአንድ ጊጋባይት 1,000 ዩሮ ገደማ ነበር፤ የሮሚንግ ጭማሪ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2017 ሲሻር ጣሪያው ለአንድ ጊጋባይት 7.70 ዩሮ ደርሷል።

ዋጋውን ያወረደው 3ጂና 4ጂ እንጂ ሕግ አይደለም የሚል ይኖራል። ወጪው በቴክኖሎጂ መቀነሱ እውነት ነው። ሆኖም እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎቿ አንሥተውት የነበረውን ክፍያ መልሰው አመጡ። የኔትወርክ ማማውም ስልኩም ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚያስገድዳቸው ሕግ መቅረቱ ነው። ሌላው ተከራካሪ ደግሞ መንገደኛው የደረሰበትን አገር ሲም ይግዛ ይላል። በእርግጥ ሁለት ሲም የሚይዙ ስልኮች አፍሪካ ውስጥ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይህን የመሰለ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን የተበጀው የስልክ ቁጥር መደወያ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ የኢትዮጵያዊው ቁጥር የገንዘብ ቦርሳውም ሆኗል፤ አዲስ ሲም ዳታ ያስገኝለት ይሆናል እንጂ ያንን ቁጥር አይተካለትም።

ስለዚህ ለእኛ አካባቢ ዋናው ጥያቄ የማማ ብዛት አይደለም። ሞያሌ ኢትዮጵያና ኬንያ የተካፈሏት ከተማ ናት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ያው የኩባንያ ስም በሁለቱም አገር ይሠራል። ሴልቴል ከነበረው ዕድል ከፊሉ እዚህም አለ ማለት ነው። የቀረው የመንግሥታት ድርሻ ነው፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በ2014 የጥሪ ዋጋን በጋራ ለመገደብ ሲስማሙ እንዳደረጉት፣ ታሪፉን በኩባንያዎች መልካም ፈቃድ ብቻ ሳይተዉ በስምምነት ማሰር።